ጭስን በድምፅ መናጥ

በሐደራ ከተማ ጠዋት ልጇን በጋሪ ይዛ አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት አንድ ነገር ሳታስተውል አትቀርም። አሮጌ የጭነት መኪና ከትራፊክ መብራት ለመነሣት ነዳጅ ሲረገጥለት፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ ቦለል ብሎ ይወጣል። እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ ትስባለች። ልጁ ግን ጋሪው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ የልጁ አፍንጫና የመኪናው የጭስ ማውጫ ደግሞ ከመሬት ያላቸው ከፍታ ብዙም አይለያይም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ለእኛ ጭስ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን የማገዶ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን በጎጆ ቤት አድገናል። በጣራው ሣር ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየውን ጥቀርሻ፣ በድስቱ ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ጥላሸት የማያውቅ የለም። በአገራችን ጥላሸት ጥቅምም ነበረው፤ ብራና የሚጽፉ ሰዎች ጥቁር ቀለማቸውን የሚበጠብጡት ከእርሱ ነበር። ከናፍጣ መኪና የሚወጣው ጥቁር ነገርም የዚያው የጥላሸት ዘመድ ነው። ልዩነቱ ደቃቅነቱ ነው፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ደቃቅነቱ ነው።

ዛሬ የምናወጋችሁ ይህንን ደቃቅ ጥላሸት በድምፅ ለመያዝ ስለሚደረገው ጥረት ነው። በድምፅ ጭስ ይያዛል ቢባል መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስላል። ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው፤ ከሙከራዎቹም አንዱ የተካሄደው እዚሁ እስራኤል፣ በቤር ሼቫ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካንዴላ የሌለው ሞተር

በዕብራይስጥ ናፍጣ «ሶለር» ይባላል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። የሚሠራው አየርን እጅግ አድርጎ በመጨመቅ ነው፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፖምፓው በእጁ ውስጥ ሲሞቅ ተሰምቶታል። ሞተሩም አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ፍም ሲያደርገው ናፍጣው ይረጭበትና በራሱ ይቀጣጠላል። ይህንን ዘዴ ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሠርቶ የታየው በ1897 ነበር። ለጉልበቱና ነዳጅ ለመቆጠቡ አቻ ስላልተገኘለት የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ፣ መርከቡ ሁሉ የእርሱን ሞተር ያዘ።

ጉድለቱ የተረጨው ናፍጣ ከአየሩ ጋር እኩል ለመቀላቀል ጊዜ የማያገኝ መሆኑ ነው። አንዱ ቦታ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ያንሳል። የኩራዝ ክር ከልክ በላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስታውሱ፤ መብራቱ ይቀላና ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። በሞተሩ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው በኩል ይወጣል።

አሁን ስለ መጠኑ እንናገር። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ማለት ነው። የናፍጣ ጥላሸት እንደ ጨሌ በተያያዙ እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡሎች የተሠራ ሲሆን፣ ተያይዞም እንኳ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ የማይክሮን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ጸጉር ለመሙላት ሰባት መቶ ያህሉን ጎን ለጎን መደርደር ያስፈልጋል። የአፍንጫችን ጸጉርና ንፍጥ የሚይዙት ትልልቁን አቧራ ነው። ይህኛው ግን ያለ ከልካይ እስከ ሳንባ መጨረሻ ድረስ ይወርዳል፤ ከእርሱም ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል።

በ2012 የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠ ቡድን ውስጥ መድቦታል። ሲጋራም ያለው በዚያው ቡድን ውስጥ ነው። ደቃቅ ብናኝ አስምን ያባብሳል፣ ልብንና የደም ሥሮችን ይጎዳል። በ2021 ድርጅቱ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ቀድሞ የነበረው ምክር 10 ማይክሮግራም ነበር፤ በግማሽ ቀነሱት።

ከጭስ ማማው ይልቅ ማርሚታው

የሐደራ ሰው ስለ ጭስ ሲነሣ ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ባሕሩ ዳር ነው። ከጊቭዓት ኦልጋ በስተሰሜን የቆመው «ኦሮት ራቢን» የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሩቅ ይታያል፤ ከጭስ ማማዎቹ ረጅሙ 300 ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ ኖረዋል። ስሙን ያገኘው ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1995 ከተገደሉ በኋላ ነው። በክረምት ሻርኮች ከባሕሩ ወደዚያ የሚሰበሰቡት ማመንጫው በሚያፈሰው ሞቅ ያለ ውኃ ምክንያት መሆኑን ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

የዚህ ዓይነት ማመንጫ አመዱን እንዲሁ ወደ ሰማይ አይለቀውም። ጭሱ ወደ ማማው ከመግባቱ በፊት ኤሌክትሪክ በተሞሉ የብረት ገበታዎች መካከል ያልፋል። በክረምት የሱፍ ሹራብ ስታወልቁ ጸጉራችሁ ወደ ሹራቡ እንደሚሳበው ሁሉ፣ አመዱም ወደ ገበታው ይሳባል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያም ተራግፎ ይሰበሰባል። የተሰበሰበው አመድ ለሲሚንቶና ለኮንክሪት ሥራ ይውላል፤ አንዳንዶቻችን የምንኖርበት ሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ሳይኖርበት አይቀርም። በዓለም ላይ ባሉ አንዳንድ ማመንጫዎች ይህንን አመድ ከገበታው ለማራገፍ ታላቅ የድምፅ መለከት ይነፋበታል። ድምፅ እዚያ የመጥረጊያን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ማማውን አትፍሩት ለማለት አይደለም። ከእርሱ የሚወጡት ጋዞች ብዙ ያከራከሩ ናቸው፤ መንግሥትም የድንጋይ ከሰሉን በተፈጥሮ ጋዝ ለመተካት ወስኖ አዳዲስ የጋዝ ማመንጫዎች በዚያው ግቢ ተሠርተዋል። ሆኖም በእኔ ግምት በየቀኑ የልጆቻችንን ሳንባ በቅርብ የሚያገኘው 300 ሜትር ላይ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን፣ ግማሽ ሜትር ላይ የሚወጣው ነው። ሐደራ በሁለት ትልልቅ መንገዶች መካከል ያለች ከተማ ናት፤ በምዕራብ ቁጥር 2፣ በምሥራቅ ቁጥር 4 ያልፋሉ፤ ወደ ዋዲ ዓራ የሚወስደው ቁጥር 65 ደግሞ ከዚሁ ይነሣል። በሰሜንና በደቡብ መካከል የሚመላለሰው የጭነት መኪና በአብዛኛው በደጃችን ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለዚህች ከተማ አየር አንድ ነገር ላንሣ። ሐደራ በ1891 ስትመሠረት ረግረግ ነበረች፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ጨረሳቸው። ረግረጉን ለማድረቅ ከተደረገው አንዱ ባሕር ዛፍ መትከል ነበር፤ በዚያው ዘመን አካባቢ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባም ገብቷል። በዚያ ጊዜ ሰዎች በሽታውን የሚያመጣው ከረግረጉ የሚነሣው አየር ይመስላቸው ነበር፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች የወባ መጠሪያ የሆነው «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃልም «መጥፎ አየር» ማለት ነው። በቆላ ያደጉ ሽማግሌዎቻችንም እንዲሁ ይሉ ነበር። የወባው ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ የተገኘው በ1897 ነው፤ ልክ የዲዝል ሞተር ሠርቶ በታየበት ዓመት! መጥፎ ነው የተባለው አየር ከወባው ነፃ በወጣበት ዓመት በእርግጥ መጥፎ የሚያደርገው መሣሪያ ተወለደ።

ማጣሪያው

ለናፍጣ ጭስ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ማጣሪያ ነው፤ በዕብራይስጥ «ማስኔን ሐልቂኪም» ይባላል። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የሸክላ ዕቃ ነው። ግማሾቹ ቀዳዳዎች በፊት በኩል፣ ግማሾቹ በኋላ በኩል ተደፍነዋል፤ ስለዚህ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሠርጎ ካልሆነ መውጫ የለውም። ጋዙ ያልፋል፣ ጥላሸቱ ይቀራል። በፋብሪካ ተገጥሞላቸው ለገበያ ከወጡት ቀደምት የቤት መኪናዎች አንዱ በ2000 የቀረበው ፔዦ 607 ነው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ሕግ እየጠበቀ ሄዶ፣ ያለ ማጣሪያ የሚሸጥ አዲስ የናፍጣ መኪና እስከማይኖር ድረስ ደረሰ። ሕጉም ጥላሸቱን በክብደት ብቻ መመዘኑን ትቶ የብናኙን ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ምክንያቱም አንድ ማይክሮን የሚሆን አንድ ብናኝ፣ የማይክሮን አንድ አሥረኛ ከሚሆኑ አንድ ሺሕ ብናኞች ጋር እኩል ይመዝናል። በሚዛን አንድ ናቸው፤ በሳንባ ውስጥ ግን አይደሉም።

ማጣሪያው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ይሞላል። ሲሞላ ጥላሸቱ በብርቱ ሙቀት መቃጠል አለበት፤ እስከ 600 ዲግሪ ያህል። በረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ይህ ሙቀት አይቸግረውም። በከተማ ውስጥ ቆም ነሣ እያለ የሚውል መኪና ግን ያን ያህል አይግልም፤ ማጣሪያው ይታፈናል፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ነዳጅ ይበላል። በዚህ የተማረረ ባለ መኪና ጋራዥ ሄዶ ማጣሪያውን ያስወጣል። ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ የሚደረግ መሆኑን ግን መካኒኮች ሁሉ ያውቃሉ።

እንግዲህ ድምፅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥላሸቱ ማጣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ትልልቅ ቢሆንስ? ያኔ ቀዳዳው እንዲያ ጠባብ መሆኑ ቀርቶ ሰፋ ባለ፣ ቶሎ በማይታፈን፣ ርካሽ በሆነ ነገር መያዝ ይቻል ነበር።

እርጎ የናጠች ሴት ግማሹን ታውቃለች

በእርጎ ውስጥ ቅቤው ከመጀመሪያውም አለ፤ ግን ለዓይን የማይታዩ ደቃቅ የስብ ጠብታዎች ሆኖ ተበትኗል። በወንፊት ብታሳልፉት ሁሉም ሾልኮ ይወርዳል። ቅሉ ወዲያና ወዲህ ሲወዘወዝ ግን ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ሲጋጩም ይጣበቃሉ፤ ሁለቱ አንድ፣ አራቱ አንድ እየሆኑ ሄደው በመጨረሻ በእጅ የሚወጣ ቅቤ ይሆናሉ። ናጪዋ ቅቤ አልፈጠረችም፤ የተበተነውን ሰበሰበችው።

ድምፅም የአየር መወዝወዝ ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፣ ይስባል፤ ያ አየር ቀጣዩን ይገፋል፣ እንዲህ እያለ ሞገዱ ጆሯችን ይደርሳል። አየሩ ራሱ ከከበሮው ተነሥቶ እኛ ዘንድ አይመጣም፤ ባለበት ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ። ልክ እንደ ቅሉ።

አሁን በዚያ አየር ውስጥ ጭስ አለ እንበል። ሞገዱ ሲመጣ ሁሉም ብናኝ እኩል አይወዛወዝም። በወራጅ ውኃ ውስጥ ገለባ ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ግን ባለበት ይቀራል። በጭሱም ውስጥ ትንሹ ብናኝ ከአየሩ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፣ ትልቁ ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ጋር ይላተማሉ። በዚህ መጠን ላይ ክብደት ማለት ከንቱ ነው፤ የሚገዛው የገጽ ለገጽ መሳሳብ ነው። በወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ እንደሚቀር ሁሉ፣ የተላተሙት ብናኞችም ተጣብቀው ይቀራሉ። ትልቁ የበለጠ ትልቅ ይሆናል፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል።

ይህን ለማድረግ ምን ዓይነት ድምፅ ያስፈልጋል? በሙከራዎቹ የተለመደው በሰከንድ ከ10,000 እስከ 20,000 ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ነው። ሰው በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚወዛወዘውን አይሰማም፤ ውሻ ግን ይሰማዋል። ብርታቱ ከ140 እስከ 160 ዴሲቤል ይደርሳል። የሰዎች ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ ማመም የሚጀምረው ከ120 በላይ ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ አሥር ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ድምፅ በወፍራም የብረት ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ካልሆነ በሰው አጠገብ የሚለቀቅ አይደለም።

ከጀርመን እስከ ቤር ሼቫ

ድምፅ ዱቄትን እንደሚሰበስብ መጀመሪያ በግልጽ ያሳየው ኦጉስት ኩንት የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1866 በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት በትኖ ድምፅ ሲያሰማበት፣ ዱቄቱ በቱቦው ውስጥ ተራ በተራ ተከምሮ ቆመ። በ1930ዎቹ በእንግሊዝና በጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ጭስ በድምፅ ውስጥ ሲጠቀለልና ሲወርድ ተመለከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ታላላቅ ሳይረኖች ተሠርተው በፋብሪካ ጭስ ላይ ተሞከሩ። ለመኪና ጎማ የሚሆነው ጥላሸት በሚመረትበት ሥራ ላይ ሳይቀር ድምፅ ጥላሸቱን እንዲያጠራቅም ተደርጎ ነበር። ሳይረኖቹ ግን ብዙ ኃይል ይበሉ ስለነበር ሥራው ቀዘቀዘ።

ነገሩን እንደገና ያነሡት ስፔናውያን ናቸው። በማድሪድ ሁዋን ጋሌጎ ኹዋሬዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ድምፁን በሳይረን ፈንታ በሚንቀጠቀጥ የብረት ገበታ እንዲወጣ አደረጉ፤ ይህ ኃይል አያባክንም። በ1999 ያወጡት ጥናት የድንጋይ ከሰል ጭስን የሚመለከት ነው። ጭሱ ኤሌክትሪክ ወዳለበት መያዣ ከመግባቱ በፊት ድምፅ ሲያልፍበት፣ በመጨረሻ አምልጦ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ኤሌክትሪኩ የሚያመልጠው በትክክል ያንን መካከለኛ መጠን ያለውን ብናኝ ስለሆነ፣ ውጤቱ እንደ ሐደራው ላለ ማመንጫ ቀላል ወሬ አይደለም።

በ2003 ያው ቡድን ወደ ናፍጣ ጭስ ዞረ። ደረቁን ጭስ በድምፅ ሲያሹት የብናኙ ቁጥር 25 በመቶ ቀነሰ። በጭሱ ላይ ጥቂት እርጥበት ሲጨምሩበት ግን ቅነሳው 56 በመቶ ደረሰ። ሊጥ የምታቦካ ሴት ይህ አይደንቃትም፤ ደረቅ ዱቄት አይያያዝም፣ ውኃ ጠብ ሲልበት ይያያዛል።

የቤር ሼቫው ሥራ ከዚህ ለየት ይላል፤ እኔን ይበልጥ የማረከኝም እርሱ ነው። በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ዳቪድ ካቶሼቭስኪ፣ ዔራን ሼርና ባልደረቦቻቸው «ለምን ከውጭ ድምፅ እናመጣለን?» የሚል ይመስላል አካሄዳቸው። የሞተር ጭስ በራሱ ጸጥ ብሎ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር ጭሱ ግፊት በግፊት እየሆነ ይወጣል፤ የጭነት መኪና ሥራ ፈትቶ ሲንደቀደቅ የምንሰማው ያንን ነው። ማለትም ሞገዱ በማርሚታው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። እነርሱ ያደረጉት የጭስ ማውጫውን ቱቦ ቅርጽ መለወጥ ነው፤ ቱቦውን ሰፋ ጠበብ፣ ሰፋ ጠበብ እያለ እንዲሄድ ሠሩት። በጠባቡ ላይ ጭሱ ይፈጥናል፣ በሰፊው ላይ ይዘገያል። ብናኞቹም በዚህ መካከል መንገድ ላይ እንዳለ የመኪና ሰልፍ በአንድ አንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ ይቧደናሉ፣ ይጣበቃሉ። የናፍጣ ሞተር ላይ ያደረጉትን ሙከራ በ2010 ያሳተሙ ሲሆን፣ ከቱቦው የሚወጣው እጅግ ደቃቁ ብናኝ በቁጥር አንሶ በመጠን ተልቆ ተገኝቷል። ሳይረን የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ የሚሞላ ማጣሪያ የለ፤ ቱቦ ብቻ።

ታዲያ ለምን በየአውቶቡሱ ላይ አናየውም? እውነቱን ለመናገር መልሱ ቀላል ነው። መናጥ ብቻውን ቅቤ አያወጣም፤ እጅ ገብቶ ማውጣት አለበት። ድምፅም ሆነ ቱቦው ጥላሸቱን ያጠራቅማሉ እንጂ አያጠፉትም። ቁጥሩ ያንሳል፣ በሚዛን ግን ያው ነው፤ የተጠራቀመውን የሚይዝ ሌላ ዕቃ ከኋላ መከተል አለበት። ከዚህም ሌላ የመኪና ሞተር አንዴ ፈጣን አንዴ ዝግ ስለሚል፣ ለአንዱ ፍጥነት የተስማማው ሞገድ ለሌላው አይስማማም። የሸክላው ማጣሪያ በበኩሉ ከሚያልፈው ብናኝ አብዛኛውን ይይዛል፤ ፋብሪካዎችም ለምደውታል። ስለዚህ ውድድሩን እስከ አሁን ማጣሪያው አሸንፏል። ድምፅ ቦታ ሊያገኝ የሚችለው ቦታ በማያጥርበትና ሞተሩ በአንድ ፍጥነት በሚሠራበት ይመስለኛል፤ እንደ ጄኔሬተር፣ መርከብና ፋብሪካ ባሉት ላይ።

አገራችን ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል፤ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆኑ ማለት ነው። ምክንያቱ ከጤናው ይልቅ ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ከአሮጌ አውቶቡስ ኋላ የተጓዘ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ለእኛ ለሐደራ ሰዎች

በእስራኤል የንጹሕ አየር ሕግ በ2008 ወጥቶ ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በሃይፋ ከ2018 ጀምሮ፣ ቀጥሎም በኢየሩሳሌም፣ ማጣሪያ የሌላቸው የናፍጣ መኪኖች በተወሰኑ የከተማው ክፍሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በሐደራና በአካባቢዋ ደግሞ የሻሮን ካርሜል የከተሞች ማኅበር አየሩን በመለኪያ ጣቢያዎች ይከታተላል፤ ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ለሚከብዳችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ለእነርሱም የዕብራይስጥ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ከእኛ ወገን በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ሾፌርነት የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ የምንለው አለን። በዳሽቦርዱ ላይ የማጣሪያው መብራት ከበራ ችላ አትበሉት፤ መኪናውን ሃያ ደቂቃ ያህል በረጅም መንገድ ሳያቋርጡ መንዳት ብዙ ጊዜ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ካልጠፋ ጋራዥ ይታይ። ለማጣሪያው የተፈቀደውን ዘይት ብቻ ጨምሩ፤ ሌላው ዘይት አመድ ይተውበታል፣ አመድ ደግሞ አይቃጠልም። «ላውጣልህና ትገላገላለህ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ በቴስት ላይ የምትያዙት እናንተ ናችሁ፣ ቀኑን ሙሉ መኪናው አጠገብ የምትውሉትም እናንተ ናችሁ። ሰው እየጠበቃችሁ ከቆማችሁ ሞተሩን አጥፉት።

እናቶችም ይህን ልብ በሉ። የናፍጣ ብናኝ ከዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትር ሲርቁ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁን ወደ ጋን የምትወስዱት በትልቁ መንገድ ዳር ከሆነ፣ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገብታችሁ መሄድ ከምንም መድኃኒት አስቀድሞ ይጠቅማል። አውቶቡስ ስትጠብቁ ጋሪውን ወደ መንገዱ አታዙሩት። በረንዳ ላይ የሚገኘው አቧራ ሁሉ ከመኪና አይደለም። በሻራቭ ቀን ከበረሃ የሚመጣው ቢጫማና ሻካራ ነው፤ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስትጠርጉት ጥቁርና ቅባታማ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀረው ግን የጥላሸት ምልክት ነው። አስም ያለበት ልጅ በሁለቱም ቀን ይጎዳል። ሳል ሌሊት ሌሊት የሚብስበት፣ ሲሮጥ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ካላችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ቁፓት ሆሊም ወስዳችሁ አሳዩት። ሐኪሙ ማሽኤፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ካዘዘ፣ እንዴት እንደሚሳብ ነርሷ ፊት ለፊት አድርጋ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው በትክክል ሳይስበው መድኃኒቱ አፉ ውስጥ ይቀራል።

ጥቁር ጭስ የሚያጨስ መኪና ብታዩስ? የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር ኮከብ 6911 ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት 106 ነው። ዕብራይስጡ ገና ላልገባችሁ፣ ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ያዙ፦ «ራኢቲ ማሳኢት ሼሞጺአ ዓሻን ሻኾር»፤ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ የጭነት መኪና አየሁ ማለት ነው። ከዚያ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የመንገዱን ስምና ሰዓቱን ትናገራላችሁ። መኪናው ቶሎ ስለሚያልፍ ቁጥሩን ወዲያው ጻፉት፤ ልጅ አብሯችሁ ካለ ግን ለእርሱ ንገሩት፣ ከእስክርቢቶው ይልቅ እርሱ አይረሳውም።